የአባቴን ሞት 11 ቀን ደበቁኝ፤ ለሰባት ዓመቱ ልሂድ ወይስ ልቅር?

እትዬ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው፤ ማራኪ አካባቢ ነው የምኖረው። 38 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ ነው።

በ2012 ከጥምቀት በኋላ እህቴን ላርስ አሜሪካ ሄድኩ። እናታችን ቀድማ ስላረፈች አራሷን የሚያይላት ሰው አልነበረም። ስሄድ አባዬ ደህና ነበር፤ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ድረስ በእግሩ ወርዶ፣ ታቦት ሸኝቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ወንድሜ ደውሎ «ስኳሩ አስቸግሮታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለኝ። እንደምንም ትኬት አግኝቼ ሚያዝያ 2 አዲስ አበባ ገባሁ። ያኔ ከውጭ የሚገባ ሰው ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን መቀመጥ ግዴታው ነበር። «አባቴ ታሟል» ብዬ ለመንኩ፣ አለቀስኩ። አይሆንም አሉ።

ስድስተኛ ፎቅ ነበርኩ። ምግቡን በሩ ስር ወለል ላይ ያስቀምጡና ሁለቴ አንኳኩተው ይሄዳሉ፤ ስከፍት ኮሪደሩ ጭር ያለ ነው። ወንድሜ በየቀኑ ጠዋት ይደውላል። «ተኝቷል»፣ «አሁን ገና ቁርሱን በላ»፣ «ጠበል አምጥተንለት ጠጣ» ይለኛል። የፋሲካ ዕለት እኔው ደወልኩ። «እንኳን አደረሰህ በልልኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አሜን ብሏል» አለኝ።

አባዬ የሞተው ማክሰኞ ሚያዝያ 6 ነው፣ በሰሙነ ሕማማት። በማግስቱ ተቀበረ። ወንድሜ «አሜን ብሏል» ሲለኝ አፈር ከለበሰ አራት ቀን ሆኖታል።

ተለቅቄ ጎንደር ስገባ ወንድሜ አዘዞ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ማስክ አድርጓል። አላቀፈኝም፤ እኔም በሽታውን ፈርቼ አልተጠጋሁትም። መንገዱን ሙሉ ስለ አራሷ ሲጠይቀኝ ነበር። ግቢ ስገባ ሁለት ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተራርቀው ተቀምጠዋል። በዚያ ነው ያወቅኩት። ጮህኩ፤ የያዘኝ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላም ልቅሶ የሚደርሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ይልና ይሄዳል፤ ከአሜሪካ የመጣሁ ነኛ።

ከወንድሜ ጋር ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነው። እህቴም ታውቅ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ «አትንገሪያት ያለኝ እሱ ነው» አለች፣ እሷን ይቅር ብያለሁ። አሁን ወንድሜ በአክስታችን በኩል ልኮብኛል። የአባዬ ሰባት ዓመት በ2019 ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል ተዝካሩን ከፋሲካ በኋላ እናድርገው፣ ከአሁኑ እንዘጋጅ ነው የሚለው። ብቀር አገር ምን ይላል? ብሄድ ደግሞ ፊቱን ሳየው ያ «አሜን» ይመጣብኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። እስከ ዛሬ በር ሁለቴ ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ሆቴል ማደርም አልችልም፤ ባሕር ዳር በሚሰጥ የመሥሪያ ቤት ሥልጠና ሦስቴ ሰበብ ፈጥሬ ቀርቻለሁ። ባለቤቴ «ስንት ዓመቱ እኮ ነው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

የአባቷ ልጅ፣ ከጎንደር

የአባትሽ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት እግዜር ያጥናሽ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ይህን ቃል አጠገብሽ ተቀምጦ ያለሽ ሰው እንዳልነበረ ገባኝ፤ ስለዚህ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምልሽ።

ለባለቤትሽም አንድ ነገር በይልኝ። ስንት ዓመቱ ነው ላለው፣ ልቅሶ የሚቆጠረው ከተለቀሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ያንቺ ደግሞ በደንብ የተጀመረ አይመስለኝም።

እስቲ ከመርዶው እንጀምር። አንድ ጊዜ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ሄጃለሁ። ገና ሳይነጋ አራት ሆነን ነው የሄድነው። ከመካከላችን አንዷ ጎረቤት ውኃ በጆግ ይዛ በሩ ጥግ ቆመች። አንዱ ሽማግሌ ማታ እህል ቀምሳ እንደሆነ ከቤት ሠራተኛዋ አጣርተው ነበር። ሌላዋ ሴትዮ ምንም ሳትናገር ሄዳ ከኋላዋ ቆመች፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ስትወድቅ ነው። ወሬውን ለማድረስማ አንድ ሰው ይበቃ ነበር። አራት የሆንነው ስትወድቅ እንድንይዛት ነው።

አሁን ወንድምሽን አስቢው። በእጁ ያለው ስልክ ብቻ ነው። እህቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን ናት። ብትወድቅ የሚያነሳት የለም፤ ብትጮህ ማን ገብቶ ያቅፋታል? ሁለቴ አንኳኩቶ የሚሄድ አስተናጋጅ? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እነግርሽ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። አባቶቻችን መርዶ በስልክ አይነገርም ሲሉ የኖሩት እንዲህ ያለውን ነገር ፈርተው ነው። ለዚያውም እነሱ የተዘጋ ሆቴል አያውቁም ነበር።

ግን ከወንድምሽ ጋር የምለያይበት ቦታ አለ። መደበቅ አንድ ነገር ነው። በሞተ ሰው አፍ መናገር ደግሞ ሌላ ነው። «ተኝቷል» ሲልሽ እየደበቀሽ ነበር፤ «አሜን ብሏል» ሲልሽ ግን ከአባትሽ ጋር ያደረግሽውን የመጨረሻ ንግግር ሐሰት አደረገብሽ። ያንን እንኳን አደረሰህ ከልብሽ ነው የላክሽው። ማንም አልተቀበለውም። በዚህ ብትቆጪ አልፈርድብሽም፣ አክስትሽም ሆነች ሌላ ሰው «ለአንቺው ብሎ እኮ ነው» እያለ እንዲያቃልልብሽ አትፍቀጂ። ለአንቺ ብሎ ነው፤ ግን ጎድቶሻል። ሁለቱም እውነት ነው።

ደብዳቤሽ ላይ አንዲት ነገር ደጋግሜ አነበብኩ። «ትንሽ ዝም አለና» ትያለሽ። ከስድስት ዓመት በኋላ ያቺን ዝምታ ካልረሳሻት፣ ምን ነበረባት? የሚጨንቅ ዝምታ ነበር? የሚያለቅስ ሰው ዝምታ? እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ደግሞ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሱን ሳምንት ትንሽ ልሳልልሽ፣ ልከራከርለት ፈልጌ እንዳይመስልሽ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። እድርተኛው፣ ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ጎንደር ለሰው የሚያለቅስበት ወግ በሙሉ ቀርቷል። በዚያ ላይ ሰሙነ ሕማማት ነው። እንደምታውቂው በሕማማት ፍትሐት የለም። የዚያ ሳምንት ሟች ፍትሐቱ የሚደርሰው አስቀድሞ በሆሳዕና ነው። ሆሳዕና በዚያ ዓመት ሚያዝያ 4 ነበር፣ አባትሽ በሕይወት እያለ ማለት ነው። አንቺ በሆቴሉ ሦስተኛ ቀንሽ ላይ ነበርሽ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ስትጸልይ እሱም በመካከላቸው ነበር፣ አንቺም እሱም ሳታውቁት። ይህን የምነግርሽ «ሳይፈታ ተቀበረ» የሚል ነገር ሆድሽ ውስጥ ካለ እንዲወጣልሽ ብዬ ነው። ብዙ ሰው የዚያን ዓመት ቀብር ሲያስብ ይሄ ይከነክነዋል። ከከነከነሽ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ።

ሌላም የገመትኩት ነገር አለ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታሽን። «ባልሄድ ኖሮ»፣ «ጥሼ ብወጣ ኖሮ» የምትይበት ሌሊት አለ አይደል? የሆቴሉ ግዴታ የጀመረው መጋቢት 14 ነው፣ የመጀመሪያው በሽተኛ አገራችን ውስጥ በተገኘ በአሥር ቀኑ። 14 ቀን የተባለውም እንዲሁ አልነበረም፤ በቫይረሱ የተያዘ ሰው ምልክት ለማሳየት ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን አካባቢ ቢፈጅበትም እስከ አሥራ አራት ሊዘልቅ ይችላል። አንቺ የምትሄጂው ስኳር ያለበት ሽማግሌ ጋ ነበር፣ በሽታው የሚጨክነው በእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ላይ ነው። ጥሰሽ ወጥተሽ፣ አቅፈሽው፣ በሳምንቱ ቢሞት ዛሬ የምትጽፊልኝ ደብዳቤ ሌላ ነበር። ቢነግሩሽም እኮ ቀብሩ ላይ አትደርሺም ነበር፤ በማግስቱ ነው የተቀበረው። የቀረብሽ ቀብሩ ከሆነ መንገዱን የዘጋብሽ ወረርሽኙ ነው። ወንድምሽ የወሰደብሽ ማወቁን ነው። ስትቆጪ እነዚህን ሁለቱን ለያቸው፣ አለበለዚያ የኮሮናውንም ዕዳ እሱ ላይ ትጭኛለሽ።

ስለ እህትሽ ደግሞ በቀስታ ልጠይቅሽ። እሷም ታውቅ ነበር። እሷም ደብቃሻለች። እሷን ይቅር ብለሽ እሱን ያልቻልሽው ለምን ይመስልሻል? እኔ ሳስበው እሷ ሩቅ ናት፣ አራስ ነበረች፣ አሳዘነችሽ። እሱ ግን አጠገብሽ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ወደ ቅርቡ ሰው ነው የሚሄደው። ይህን ስልሽ እሷንም ጥዪያት ማለቴ አይደለም፣ እንዳትቀየሚኝ።

(በመካከል አንድ ነገር ልበል። ኳራንቲን የሚባለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛው «አርባ» የመጣ ነው። በድሮ የወረርሽኝ ዘመን ቬኒስ የሚደርሱ መርከቦች 40 ቀን ተነጥለው እንዲቆዩ ይደረግ ነበር። እኛ ዘንድ አርባ ሲባል የሚመጣልን ሌላ ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ሁለቱ አርባዎች ከጭንቅላቴ አልወጡም።)

አሁን ወደ በሩ ልመለስ፣ ሁለቴ ወደሚንኳኳው። ይህን በደብዳቤሽ መጨረሻ «ልጨምር» ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ ለእኔ ግን ከወንድምሽ ጉዳይ አያንስም። ኮሮና ገና ዓለምን ሲያዳርስ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከዚያ በፊት በነበሩ ወረርሽኞች ተነጥለው የቆዩ ሰዎችን የሚመለከት ዳሰሳ ወጥቶ ነበር። ከወጡ ከብዙ ጊዜ በኋላም የሚደነግጡ፣ የሚቆጡ፣ የተዘጋ ቦታ የሚሸሹ ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል። አንቺ ደግሞ በዚያ ላይ አባትሽ ሞቶብሻል። ስለዚህ የሚሰማሽ ቅብጠት አይደለም፣ እብደትም አይደለም። ሦስት ሥልጠና መቅረት ግን ኑሮሽን መንካት ጀምሯል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና አለው፣ እዚያው ከተማሽ እያለ ሌላ አገር መሄድም አይጠበቅብሽም። «ሰው ቢያየኝስ» ካልሽ ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ባልና ሚስት ሆስፒታል ሲገቡ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስትገቢ ሁሉንም ከመጀመሪያው መተረክ የለብሽም። «በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ሆቴል ማደር አልችልም» ብቻ በያቸው። ከዚያ እነሱ ይጠይቁሻል።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው፣ ሂጂ ነው የምለው። ግን ወንድምሽን መጀመሪያ የምታገኚው ተዝካሩ ላይ ከሆነ አትሂጂ።

ምን ማለቴ መሰለሽ። ተዝካር ቀን ሰው ይመጣል፣ ካህናቱ ይመጣሉ፣ ጠላው ይቀዳል፣ አንቺ ወጥ ታማስያለሽ፣ እሱ እንግዳ ያስተናግዳል። ከሁሉ ፊት አቅፎሽ «እህቴ» ይልሻል፣ ሰው ሁሉ ታረቁ ብሎ ያጨበጭባል፣ አንቺ ደግሞ ያን «አሜን» ውጠሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ይሄ ከመቅረት ይብሳል። ከዚያ በፊት ጊዜ አለሽ፣ ወራት አሉ። አንድ ቀን ብቻችሁን ተገናኙ። አክስትሽንም ሽማግሌም አትላኪ፤ ሽማግሌ ሲገባ ወሬው «ይቅር ተባባሉ» ይሆንና የምትፈልጊውን ሳትሰሚ ትታረቂያለሽ። የአባትሽ ቤትም አይሁን፣ እዚያ እሱ ባለቤት አንቺ እንግዳ ትሆኛለሽ። በስልክማ በጭራሽ። እናንተን ያቃቃራችሁ ስልክ ነው።

የት ብትይኝ መቃብሩ ጋ እልሻለሁ። አንድ የሥራ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። «አባዬ ጋ አብረን እንሂድ» በይው፣ ምክንያት አትጨምሪ። እምቢ የሚል አይመስለኝም።

እዚያ ስትደርሱ በቁጣ አትጀምሪ፣ በይቅርታም አትጀምሪ። አስተርኪው። «ማክሰኞ ዕለት ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ንገረኝ» በይው። ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ ምን አለ፣ እኔን ጠይቆ ነበር ወይ፣ ማን ገነዘው፣ ሬሳውን እነማን ተሸከሙት፣ ዝናብ ነበር ወይ። ትንንሹን ሁሉ ጠይቂ። ቀብር የቀረ ሰው ከሁሉ በላይ የሚርበው ይሄ ነው፣ የትንንሹ ነገር ወሬ። ቀብር የቆመ ሰው ሳያስበው ያየውን፣ አንቺ ስድስት ዓመት በሐሳብሽ ስትሠሪው ኖረሻል፤ የሠራሽው ደግሞ ከሆነው ሳይከፋ አይቀርም። ምናልባት እሱም ሙሉውን ለማንም ነግሮ አያውቅም። በየጠዋቱ ካንቺ ጋር አውርቶ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቂው። እኔ ይህን መስማት እፈልግ ነበር።

የፋሲካውን ቀን ለመጨረሻ አቆዪው። ሲደርስ እንዲህ በይው፦ «ሌላውን ሁሉ ገብቶኛል። ‹አሜን ብሏል› ያልከኝን ግን አልቻልኩትም።» ከዚያ ዝም በይ። አታብራሪለት፣ ‹አውቃለሁ ለኔ ብለህ ነው› ብለሽ መውጫ አትስጪው። እሱ ይናገር። ሊያለቅስ ይችላል። ሊቆጣም ይችላል፣ «እኔ ብቻዬን ቀብሬው!» ሊልሽ ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ አብዛኛውን ብቻውን ነው የሸኘው፣ ማንም ደግሞ እሱን በርታ ያለው አይመስለኝም። ያኔ እንዳትመልሺለት። የተሸከመው አንተም ነህ፣ እኔም ነኝ ማለት ሌላ ቀን ይደርሳል።

ይቅርታ ካለሽ ጥሩ። ካላለሽ፣ «ያኔ ምን ላድርግ ነበር?» ብሎ ከደረቀስ? እንግዲያው ምን እንደሚበቃሽ ከመሄድሽ በፊት ለራስሽ ወስኚ። ይቅርታውን ነው የምትፈልጊው ወይስ ታሪኩን? ከደብዳቤሽ የተረዳሁት ታሪኩን ብታገኚ ግማሹ የሚቀልልሽ ሰው ነሽ። ታሪኩንም ከከለከለሽ ተዝካሩ ላይ ቅዳሴና ጸሎቱን ቆመሽ፣ የምትችይውን ያህል አግዘሽ፣ በጊዜ ቤትሽ ግቢ። አባትሽ የሁላችሁም ነው፤ ተዝካሩ የወንድምሽ ድግስ አይደለም፣ እሱን ለመቅጣት ብለሽ የራስሽን ድርሻ አትተዪ። ገንዘብ ልከሽ መቅረቱን ግን አልመክርሽም። አንዴ ከሩቅ ሆነሽ ሸኝተሽዋል፣ ሁለተኛ አይድገምሽ።

አንድ ነገር ልመክርሽ፣ ልሳቅብሽ ካልሽ ሳቂ። በዋዜማው እነዚያን ሁለት ጎረቤቶቻችሁን ጥሪያቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተራርቀው የተቀመጡትን፣ በሕይወት ካሉ። ያኔ ሊይዙሽ ፈልገው ስላልቻሉ እነሱንም ሳይከነክናቸው አልቀረም። አሁን ርቀት ጠብቁ የሚል የለም። ሙሾ የምታወርድ ሰው ካገኘሽም አስጠሪ። ስታለቅሺ አጠገብሽ ይቀመጡ። እህትሽም ከመጣች ጥሩ፤ ካልመጣች በቪዲዮ አታስገቢያት፣ የስልክ ልቅሶ ለዚህ ቤት ይበቃዋል። ለሷ የሷን ቀን አዘጋጁላት።

ባሕር ዳርን በተመለከተ፣ ሥልጠናው እስኪመጣ አትጠብቂ። ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ፣ እሱም ይሁን ካለሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር አንድ ቅዳሜ ማታ እዚያው ጎንደር ሆቴል እደሩ። ምድር ቤት ያለ ክፍል ይሁን፤ ቁልፉን አንቺ ያዢው፣ ምግቡን ወጥታችሁ ብሉ። ሌሊት ካልሆነልሽ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቤትሽ ነሽ።

ከወንድምሽ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ጻፊልኝ። ያቺን ዝምታ ምን እንደነበረች ከነገረሽ፣ እሷንም ጻፊልኝ።